ባለሙያ ሲመጣ የሚሰናዳ ቤት

የአዲስ አበባ ሰው ከነፋስ ጋር የቆየ ጠብ አለው። ጠቡ መቼ እንደተጀመረ፣ ማን ማንን እንደበደለ የሚያውቅ የለም፤ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ አስታራቂ ሽማግሌ አላገኘም። ካላመናችሁኝ ከስድስት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወጣ ታክሲ ተሳፈሩና፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ መስታወቱ በትንፋሽ ማላብ ሲጀምር፣ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ክፈቱት። ሁለት ጣት! ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ትጥላለች፤ አንድ ጎልማሳ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያ ከማን አፍ እንደወጣ የማይታወቅ «ኧረ መስኮቱን!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ትዘጋላችሁ። ታፍኖ የታመመ ዘመድ አለኝ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ነፋስ መትቶት አፉ የተጣመመ ሰው ግን እያንዳንዳችን ቢያንስ አንድ እናውቃለን።

እኔ እንግዲህ ለዚህ ሕዝብ ነፋስ እየሸጥኩ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ።

መጀመሪያ ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ነበር። ፍሪጅ ደግ ዕቃ ነው፤ ብርዱን በሩን ዘግቶ ለራሱ ይይዛል፣ ማንንም አያስቀይምም። ኋላ ከተማው ፎቅና መስታወት ሲበዛበት ወደ ኤሲ ዞርኩ። ኤሲ ሲባል ለብዙ ሰው የሚመጣለት ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያቀዘቅዘው ነጭ ሣጥን ብቻ ነው። እኔ የማወራችሁ ግን ኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ ቤቱን በሙሉ ስለሚያዳርሰው ማሽን ነው። አየሩን ከቤቱ መሀል ይስባል፣ ያጣራል፣ እንደ ወቅቱ ያሞቃል ወይም ያቀዘቅዛል፣ ከዚያ በቧንቧ አድርጎ በየክፍሉ መልሶ ይለቀዋል። ያንኑ የቤቱን አየር እያዞረ ነው የሚሠራው። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር እናንተ አሁን ሰማችኋት፤ ልትሰማት የሚገባት ሴት ግን በጊዜው ከእኔ አልሰማቻትም፤ የማጫውታችሁም ስለዚሁ ነው።

ወይዘሮ አስካለ የሚኖሩት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ ሽቅብ በሚጀምርበት በኩል ነው። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፍ ነው። ሰባዎቹን አጋምሰዋል፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ አስም አለባቸው፣ በብርድ ያስላቸዋል። እንጦጦ ሥር ክረምት እንዴት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል፤ ጉሙ አንኳኩቶ አያስፈቅድም፣ ዝም ብሎ ይገባል። ሐኪሙ ከሰል እንዳያነዱ ከለከላቸው፤ ብርድ እንዳያገኛቸውም አስጠነቀቃቸው። ሁለቱን ባንድ ወረቀት መጻፍ ለሐኪም ቀላል ነው።

ያለቻቸው አንዲት ልጅ ምሕረት ትባላለች፤ አዳማ ባንክ ቤት ትሠራለች። «አዳማ ሞቃት ነው፤ ነይ እኔ ጋ ኑሪ» ትላለች። የእናትየው ደብር፣ ዕድር፣ የባላቸው መቃብር ግን እዚህ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አጥር የሚጋሯቸው ወይዘሮ ዘይነባ እዚህ ናቸው፤ ከስልጤ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ሴት ናቸው፤ ሁለቱ አንዳቸው የሌላቸውን ጾም እያከበሩ፣ አንዳቸው የሌላቸውን ልጅ እየቆነጠጡ ነው ያረጁት። ከዚህ ሁሉ ነቅሎ ሰውን ወደ ሙቀት መውሰድ ማዳን ይሁን ሌላ ነገር ይሁን እኔ አላውቅም።

እናትና ልጅ ተከራክረው ተከራክረው በእኔ ማሽን ታረቁ። ማሽኑ ይገጠማል፤ በዚህ ክረምት ሳሉ ካልተመለሰ እናት በቤታቸው ይቆያሉ፤ ከተመለሰ ግን ያለ ክርክር አዳማ። አንዲት ሴት ቀሪ ዕድሜዋን የት እንደምታሳልፍ የሚወስነው እንግዲህ እኔ ኮርኒስ ውስጥ የማጠብቀው ብሎን ሆነ። ያኔ ይህን አላሰብኩትም። ያሰብኩት ስለ ቧንቧው ስፋት ነበር።

ገጠምኩት። ሞቃት አየር የሚለቁት ቀዳዳዎች ሳሎንና መኝታ ቤት፣ አየሩን የሚስበው ትልቁ ወንፊት ደግሞ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ። ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና ሥራው ያምር ነበር። ሲያልቅ ምሕረትን አቁሜ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ አስረዳኋት፤ ወንፊቱ ፊት ዕቃ እንዳይቆም፣ ከጀርባው ያለው ፊልተር በየወሩ እንዲታጠብ፣ ሪሞቱ እንዲህና እንዲያ እንደሚደረግ። እሷም በስልኳ ቀረጸችኝ። ወይዘሮ አስካለ በሩ ጋ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ለእሳቸው ያልኳቸው «እማማ፣ እርስዎ ምንም አይንኩ» ብቻ ነው። ምሕረት ማብራሪያዬን ስልኳ ውስጥ ይዛ አዳማ ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት ተደወለልኝ። ማሽኑ ጥቂት ይሠራና ራሱን ያጠፋል፤ መኝታ ቤቱ በረዶ ሆኗል፤ ሳሉም ተመልሷል። ከቀበና ደውዬ «እማማ፣ እየመጣሁ ነው» ብዬ ወጣሁ። ስደርስ ቤቱ ተጠርጓል፣ መሰላል ቆሟል፣ ብርቱካን ተልጦ በሳህን ቀርቧል። ማሽኑን አስነሳሁት፤ እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀጥ ብሎ ሠራ። ባለሙያ ጥፋቱን ሲያጣው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ «የመብራቱ መዋዠቅ ነው» ይላል። እኔም አልኩ። ስታቢላይዘር አስገባሁ። በሳምንቱ ደግሞ ተደወለ። ደውዬ ሄድኩ፤ ቤቱ ተጠርጓል፤ ብርቱካን አለ፤ ማሽኑ ይሠራል። ጋዙን ለካሁ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ፈተሽኩ፣ ፊልተሩን አጠብኩ። እኔ እያለሁ ይሠራል፣ እግሬ ሲወጣ ይጠፋል። ወይዘሮ ዘይነባ በአጥሩ በኩል አይተውኝ «ዕቃው ሰው ይለያል እንዴ?» አሉኝ። ሳቅሁ እንጂ እኔም መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

ምሕረት ለቅዳሜ ሻንጣ እንዲዘጋጅ አዘዘች። «ጋሼ፣ በቃ አልሆነም። እናቴን በሙከራ ላጣት አልችልም» አለችኝ በስልክ። እናቷ ናት።

ሐሙስ ጠዋት እንጦጦ ፓርክ አካባቢ ሥራ ነበረኝ። ጨርሼ ቁልቁል ስወርድ ቤታቸው መንገዴ ላይ ነው፤ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፤ ሳልደውል አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ ወይዘሮ ዘይነባ ሲሆኑ፣ እኔን ሲያዩ ወደ ኋላቸው ዞር ብለው አንዳች ነገር ሊናገሩ ሞከሩ፤ ዘገዩ። ወይዘሮ አስካለ ሳሎን ውስጥ ሁለት ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል፤ ደረታቸው ያፏጫል። አጠገባቸው ዚፑ ያልተዘጋ ሻንጣ አለ። ኮሪደሩ ላይ ግን ወንፊቴ የለም። የለም ስላችሁ! በቦታው ሁለት ጣዎሶች ፊት ለፊት ቆመው የሚተያዩበት ነጭ ዳንቴል በአራት ሚስማር ተወጥሯል፤ ከጀርባው በአቡጀዲ ተደርቧል፤ ስታርችም አልቀረለትም። መቼም በእኛ አገር ቴሌቪዥን ዳንቴል ይለብሳል፣ ፍሪጅ ይለብሳል፣ የሶፋ ክንድ ሳይቀር ይለብሳል፤ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ ገና እንግዳ ነው። የእኔ ማሽን በወሩ ቤተኛ ሆኖ ነበር፤ ትንፋሽ አጣ እንጂ።

«እማማ፣ ይሄን ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኛ። ዘይነባ ሚስማሩን ያዘችልኝ።»

«ለምን?»

ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቁና ቀስ ብለው፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ነገሩኝ። «ያኛው ያሞቃል፤ ይሄኛው ይስባል። እጄን አድርጌ አይቼዋለሁ፤ ነጠላዬን ሁሉ ጎትቶብኛል። እዚያ ያሞቀውን በዚህ በኩል ወደ ውጭ ይወስደዋል። ታዲያ ልጄ የለፋችበት ሙቀት በቀዳዳ ሲወጣ ዝም ብዬ ልይ?»

እስቲ ፍረዱ። ያዩትን በትክክል አይተዋል፤ ያልተነገራቸውን ገምተዋል፤ ከዚያ እንደ ቤቱ ባለቤት ቤታቸውን ጠብቀዋል። ማሽኑ ታፍኖ ሙቀቱ ውስጡ ሲጠራቀም እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋ ነበር። ሻንጣውን እያየሁ፣ የደረታቸውን ፉጨት እየሰማሁ፣ በጣም አፈርኩ።

«እኔ ስመጣስ ለምን ያነሱታል?»

«እንዴ! ባለሙያ ሊመጣ ነው ተብሎ? ሥራህን ላደናቅፍብህ? ደግሞ ግድግዳውን በሚስማር ስለመታሁት አፈርኩ፤ ሚስማሩን ነቅዬ ቀዳዳውን በሳሙና እደፍነው ነበር።»

ይህ የእሳቸው ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያቃስት የከረመ ሰው ሐኪም ጋ የሚቀርብ ቀን ጢሙን ይላጫል፣ ንጹሕ ካልሲ ይፈልጋል፣ ወገቡን ቀና አድርጎ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ጎረቤት የሰጠችውን ክኒን መዋጡን አያነሣም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት አጥቶት አይደለም፤ ለሌላ ሰው ሲመክርበት ይውላል። ሊረዳን የሚመጣውን ሰው እናከብረዋለን፤ ከማክበራችን የተነሣ የምንኖርበትን ቤት አናሳየውም። እኛ ባለሙያዎች ደግሞ የተጠረገውን ቤት አይተን፣ ብርቱካናችንን በልተን፣ «ምንም የለበትም» ብለን እንፈርማለን።

ዳንቴሉን አነሣሁ። ከወይዘሮ አስካለ የሹራብ ክር አንድ ክንድ ያህል በጥሼ ምርኩዛቸው ጫፍ ላይ አሰርኩና ምርኩዙን ራሳቸው እንዲይዙ ሰጠኋቸው። ወንፊቱ ጋ ሲያስጠጉት ክሩ ወደ ውስጥ ሄደ። ሳሎን ገብተው ወደ ላይኛው ቀዳዳ ሲዘረጉት ክሩ ወደ እሳቸው ተመለሰ። ደግመው ሄዱ፣ ደግመው መጡ። ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር እንደሌለ፣ የሳበውን አሙቆ እንደሚመልስ፣ እንዳይስብ ከከለከሉት የሚመልሰው እንደሚያጣ ነገርኳቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

«ይዞራል እንዴ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«ይዞራል።»

ወይዘሮ ዘይነባ ከበሩ «ይሄን በመጀመሪያው ቀን ብትነግራት ኖሮ ሚስማሬ ይተርፍ ነበር» አሉኝ።

ቤቱ ሲሞቅ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። አንደኛው ጋቢ ወረደ፤ ቆይቶ ሁለተኛውም። ወይዘሮ አስካለ ዳንቴሉን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ዐይናቸውን ሳያነሡ «ለምሕረት ምን ልትላት ነው?» አሉኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ነበር። እናትሽ ማሽኑን በአቡጀዲ አፈነችው ብዬ ብነግራት ልጅቱ የምትለውን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ የምታደርግ ሴት ብቻዋን መኖር አትችልም ትላለች፤ ሻንጣው ቅዳሜ ይነሣል። ጥፋቱ የእኔ ነው ካልኩ ደግሞ በዚህ ሰፈር ስሜ ነው እንጀራዬ።

ስልካቸውን ተቀብዬ ደወልኩ። «ምሕረት፣ ስህተቱ የኔ ነው። አየር መሳቢያው ላይ ያልጨረስኩት ሥራ ነበር፤ አሁን ጨርሻለሁ። አንድ ሳምንት ብቻ ስጪኝ።» ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆቼም ሊያነቡት ይችላሉ። በመጨረሻ ግን «አንድ ሳምንት» አለች። ስልኩን ስመልስላቸው ወይዘሮ አስካለ እጄን ይዘው ቆዩ።

ሳምንቱ አለፈ፤ ክረምቱም አለፈ። ሻንጣው ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። ፊልተሩን በየወሩ የሚያጥቡት ራሳቸው ናቸው፤ ወይዘሮ ዘይነባ መሰላሉን ይይዛሉ።

በጥቅምት አንድ የሰፈሩ ሰው ለቤቱ ማሽን ሊያስገጥም ደወለልኝ። ማን እንደጠቆመው ጠየቅሁት፤ ወይዘሮ አስካለ ናቸው አለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እንዳሉት ለመስማት ጓጓሁ። ሰውዬው ትንሽ አመነታና እንዲህ አለ፤ «‹ሲገጥም ተሳስቶ ነበር፤ ስህተቱን ያገኘንለት እኔና ዘይነባ ነን፤ ግን ጥፋቱን የማይክድ ልጅ ነውና ጥራው› አሉኝ።»

ደሜ ፈላ። ለእሳቸው ብዬ የተሸከምኩት ጥፋት በሰፈሩ ሲታወጅ! ላስተባብል አፌን ከፈትኩና፣ እስቲ የቱን ቃል ነው የማስተባብለው ብዬ አንድ በአንድ መረመርኳቸው። ውሸት አጣሁባቸው።