ወታደር የሚለቅመው ማሽንና ሐጂ ናስር

ማሽን ከሰው ይበልጣል የሚል ሰው፣ ሊያገባት ካሰባት ልጅ አባት ጋር ቼዝ ተጫውቶ አያውቅም። እኔ ተጫውቻለሁ፤ ያውም ማሽኑን አምኜ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ኮልፌ ሒሳብ አስተምር በነበረበት ጊዜ ነው። የጨርቅ ነጋዴውን የሐጂ ናስርን ልጅ ሙኒራን ወድጄ ሽማግሌ ላክሁ። ሐጂ ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናግደው፣ «ልጁ እሁድ ራሱ ይምጣ፤ ቼዝ እንጫወታለን» ብለው መለሷቸው። ዘሬንም ደሞዜንም አልጠየቁም።

ቼዝ እችል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ግን አንድ ፈረንጅ ባልደረባዬ መጽሔት አውሶኝ ነበር። ኮምፒዩተር የሚባል፣ አንድ ክፍል የሚሞላ ማሽን ሰውን ያሸነፈበት ጨዋታ ታትሞበታል። አጨዋወቱ ያስጠላል… ንጉሡን ሜዳ ላይ ጥሎ፣ ንግሥቲቱን ጥግ ድረስ ልኮ ወታደር ይለቅማል። ወታደር እንግዲህ ከመጫወቻዎቹ ሁሉ ርካሹ ነው። ቢሆንም አሸነፈ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

እሁድ ተቀመጥን። ገና በአምስተኛው እርምጃ ንግሥቴን ልኬ ዳር ላይ የቆመውን ወታደር በላሁ።

ሐጂ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

ሁለተኛውን በላሁ። ሦስተኛውንም። ሙኒራ ሻይ ይዛ ገባች፤ ሰሌዳውን አየችና ትሪውን እንደያዘች ቀረች።

«ንጉሥህ ተከቧል» አሉኝ ሐጂ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ መስኮቱ እያዩ። በዚያ ዘመን ይህ ጮክ ተብሎ የሚነገር ነገር አልነበረም።

ንግሥቴ መመለሻ አጥታ ጥግ ላይ ቀረች። ተሸነፍኩ። ሦስት ወታደር በእጄ ጨብጬ፣ ላብ አጥምቆኝ፣ የማሽኑን ታሪክ ዘረገፍኩት።

«እንዲህ የሚጫወተው ማሽኑ ነው?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ልጄን ለማሽኑ ልስጣት?»

አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን ፍለጋ ስነሳ ክንዴን ያዙኝ።

«ቁጭ በል። ካንተ በፊት አራት ልጆች መጥተው ነበር። አራቱም ሐጂ ደስ ይበላቸው ብለው ሆን ብለው ተሸነፉልኝ። ልጄን ለአስመሳይ አልሰጥም።» መጫወቻዎቹን እንደገና መደርደር ጀመሩ። «ከልቡ የተሸነፈ ያየሁት አንተን ብቻ ነው።»