ለግድግዳ የሚናገሩ ሚስቶች

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሐርጌሳ ከጦርነት ፍርስራሿ እየተነሳች ነበር፤ እኔም ከአክስቴ ከዘሃራ ጋር ዋሄን ገበያ ልብስ እሸጥ ነበር። ለግድግዳ ጀግና፣ ለባል ዲዳ የሆኑ ሚስቶች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? አንዷ አክስቴ ነበረች። ባሏ አጫውቷት ስለማያውቅ ሌላ ሊያገባ ነው ብላ ትሰጋለች፤ ግን አትጠይቀውም።

አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር ውጭ አገር ተምራ የመጣች የትዳር አማካሪ ነበረች። ጣሪያ በሌለው ቤት ሚስቶችን ሰብስባ፣ ከጦርነቱ በተረፈው ግድግዳ ፊት ተራ በተራ ታቆማቸዋለች። «ባልሽ ነው፤ የልብሽን ንገሪው» ትላለች። ሳይንስ ነው ብላናለች፤ እኛ ምን እናውቃለን?

አንድ ቀን አክስቴ እኔን አስከትላ ሄደች፤ ተራዋ ሲደርስ ሻሿን አስተካከለችና «ናፍቀኸኛል፤ አጠገቤ ሁን» አለች።

«ሀዬ» አለ ግድግዳው፣ በወንድ ድምፅ። በሶማሊኛ እሺ ማለት ነው።

ከኋላው ዞረን አየን፤ ከድንጋይ በቀር ማንም የለም። አማካሪዋ ከሰይጣን እንዲጠብቃት «አዑዙ ቢላህ» እያለች ጫማዋን ጥላ ወጣች፤ ሚስቶቹም ተከተሏት።

«አክስቴ፣ እንሂድ» አልኳት።

«ቆዪ እስቲ። ባሌ እንኳ እንዲህ ቶሎ እሺ ብሎኝ አያውቅም።»

እጄን ይዛ ግድግዳውን አስነካችኝ። ፀሐይ አልደረሰበትም፤ ግን እንደ ሰው ገላ ይሞቅ ነበር።

ከዚያ አክስቴ ቤቷ ገባች፣ የባሏን ሬዲዮ አጠፋችና ያንኑ ቃል ፊት ለፊት ነገረችው።