መጨረሻው ያልተሰማ ዘፈን

የእህቴን ልጅ መዓዛን የበደልኳት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም፤ እኔ ካልነገርኳችሁ ጎረቤቴ ጋሽ ይመር ጨማምሮ ስለሚነግራችሁ ነው።

እኛ ቆቦዎች ልጅን ከክፉ ነገር መጠበቅ እናውቅበታለን። አንዲት ልጅ ጫት ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ብትታይ ከሮቢት እስከ ዋጃ ያለ ዘመድ ተጠራርቶ ሊመክራት ይመጣል። ከምግብ ብትሸሽ፣ እንቅልፍ ብታጣ፣ ጓደኞቿን ብትርቅ፣ እጇ ቢንቀጠቀጥ «ምን ነካት?» እንላለን። «እያጠናች ነው» ከተባለ ግን ያው ሁሉ ምርቃት ያሰጣታል። ወተት ይላክላታል። እኔም አጠጥቻታለሁ።

ጥናት ለእኔ ተራ ነገር አይደለም። ትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ፣ ሱቄ ውስጥ ስኳር የምጠቀልልበትን ጋዜጣ እያገላበጥኩ ነው ማንበብ የተማርኩት። አንድ ቃል ካደናቀፈኝ ወደ ገጹ አናት እመለስ ነበር። ዛሬ በሰፈሩ ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ያልጠየቀኝን ምክርም ጨምሮ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ እኔ ጋር የምትኖረው መዓዛ ክራሯን ይዛ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት ፈተና ልዘጋጅ ስትል፣ ደረቴን ነፍቼ ደንቤን አወረስኳት፦ «ከተሳሳትሽ ከመጀመሪያው!»

ልጅቷ ደግሞ ሰሚ ናት። በዚያ በቆቦ ሙቀት፣ ቆርቆሮው ከላይዋ እየጋለ፣ በርና መስኮት ዘግታ ትደረድራለች። አንዲት ጣት ከሳተች ከመጀመሪያው። ሦስት ወር ሙሉ ሰፈራችን የአንድ ዘፈን መግቢያ ብቻ ሰማ። ጣቷ ቆስሎ በጨርቅ ስትጠቀልለው እኔ እንደ ሜዳሊያ ለሰው አሳየሁት። ገበታ ላይ ጣቶቿ የትሪውን ጠርዝ ሲደረድሩ አየሁና «ጎበዝ!» አልኩ። ጎበዟ ግን አልበላችም።

አንድ ቀን ከሰዓት ጋሽ ይመር በአጥሩ በኩል አንገቱን አሰገገ።

«በአላህ፣ ይሄ ዘፈን መጨረሻ የለውም? ፍየሎቼ እንኳ መግቢያውን ሸመደዱት!»

አፌን ለመልስ ስከፍት ከውስጥ ልቅሶ ሰማሁ። ገብቼ ሳይ መዓዛ ክራሩን አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። «እጄ እንቢ አለኝ፣ እትዬ። ስደረድር ያመኛል፤ ስተወው ደግሞ ይብስብኛል።»

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ አገኘን፤ ድምጿ ለስላሳ፣ ዓይኗ የማይሸነፍ። «ክራር ስትጫወቺ ለመጨረሻ ጊዜ ደስ ያለሽ መቼ ነው?» አለቻት።

እኔ ቀደም ብዬ፣ «በቀን ዘጠኝ ሰዓት ታጠናለች!»

«እርስዎን አልጠየቅኩም» አለችኝ። አፌን ያዘጋኝ ሰው በሕይወቴ ጥቂት ነው፤ እሷን ቁጠሯት።

መዓዛ «ድሮ፣ ዘይነባ ስታጨበጭብልኝ» አለች። ዘይነባ የጋሽ ይመር ልጅ፣ አብሮ አደጓ ናት። ነርሷ መዓዛን በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ እየመጣች እንድታነጋግራት ቀጠረቻት፤ ክራሩም በቀን ከሁለት ሰዓት እንዳያልፍ፣ የቀረው ጊዜ ከሰው ጋር እንዲሆን አዘዘች። ሰዓቱ ሲሞላ ክራሩን ሱቅ ውስጥ መቆለፍ የእኔ ሥራ ሆነ። እንዴት እንደከበደኝ አትጠይቁኝ። ሱሱ የሷ ብቻ አልነበረም።

ቀስ በቀስ መብላት ጀመረች፤ መሳቅም። የዘይነባ ሰርግ ሲደርስ ግን ፍርሃቷ ተመለሰ። ዘይነባ «አንቺ ካልደረደርሽልኝ አልዳርም» ብላት ነበር፤ መዓዛ ደግሞ «ገና እሳሳታለሁ» እያለች ከቤት አልወጣም አለች። በሰርጉ ቀን ጋሽ ይመር ራሱ መጣ። «መግቢያውን ሦስት ወር ታግሻለሁ፤ መጨረሻው ይገባኛል!» ብሎ እጇን ይዞ ዳሱ ውስጥ አስቀመጣት።

ጀመረች። መግቢያውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ አብረው አዜሙት። ከዚያ ማናችንም ሰምተነው የማናውቅ ቦታ ላይ ደረሰች። ጣቷ ሳተ። እጇ ክሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ሙሽራዋ በዓይኗ ትለምናታለች።

እኔ፣ ያ ሁሉ የተነገረኝ፣ ያ ሁሉ የጸጸተኝ፣ ከሴቶቹ መሃል ምን ብል ጥሩ ነው? «ከመጀመሪያው!» አፌ ልቤን ቀደመው።

ዳሱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። መዓዛም ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ከሳተችው ቦታ ቀጠለች፤ ጣቶቿ ሳያቆሙ እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ፣ ሙሽራዋም ከመጀመሪያው ልትታጭ ነው እንዴ? ይልቅ አጨብጭቢ!»