ረጅሙን ሕንፃ ወደ ጥንቱ መልኩ ስለ መመለስ

የጸሐፊዋ ቃል፣ ከአጀንዳው በፊት

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን አስቀድሜ እዚህ እጽፋለሁ። በ1974 ዓ.ም. ከረጅሙ ሕንፃ መግቢያ ግድግዳ ላይ የምረቃውን ቀን ፎቶ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሽራ ነበርኩ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖር ነበር፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነኝ። በፎቶው ጥግ ባልዲ ይዞ የቆመው ግንበኛ አባቴ ኸባብ ነው። አራት ዓመት ሳይሞላኝ ስለሞተ ሌላ ፎቶ የለውም። ፎቶ ቤት ወስጄ አስገልብጬ በማግሥቱ ልመልሰው ነበር ያሰብኩት። በማግሥቱ ግን ዘበኛው አባባ ዋበሪ ፎቶውን ሸጠሃል ተብለው ከሥራ ተባረሩ። ደረጃው ላይ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። ከዚያ ወደ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ፎቶው አርባ ሦስት ዓመት ሳጥኔ ውስጥ ተቀምጧል፤ ባለቤቴ መሃድ እንኳ ሳያየው ሞተ።

ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት ተምሬ አይደለም። ዕቃ ተጠቅልሎበት የሚመጣውን ጋዜጣ እያቃናሁ በማንበብ ፊደል ስለለመድኩና ዝም ስለምል ነው። ከዚህ በታች ያለው በስብሰባው የተባለው ነው፤ የጨመርኩት የለም።

የረጅሙ ሕንፃ ጥንታዊ ገጽታ አስመላሽ ኮሚቴ አራተኛ መደበኛ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቦታ፦ ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ፣ የሕንፃው አራተኛ ፎቅ፣ የሰብሳቢው አልጋ ቤት ኮሪደር። ቦታው የተመረጠው የሚሠራ ማራገቢያ ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው።

ሰዓት፦ ለ3 ሰዓት ተጠርቶ በ4 ሰዓት ከ10 ተጀመረ።

የተገኙ፦
1. ሐጂ ሚክዳድ፣ ሰብሳቢ፣ የአራተኛ ፎቅ አልጋ ቤት ባለቤት
2. አቶ ዒሴ፣ የባቡር ጡረተኛ፣ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ
3. ወ/ሮ ኢድል፣ ልብስ ሰፊ፣ ሁለተኛ ፎቅ
4. ኢንጂነር ዐብዲቃድር፣ የኮሚቴው ባለሙያ፣ ቢሮው አምስተኛ ፎቅ
5. ወ/ሮ ሑዳ ኸባብ፣ ያለ ድምፅ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ ሞሐሙድ ጅቡቲ ሠርግ ሄደዋል። ወ/ሮ ቢላን በባጃጅ ሲያልፉ በመስኮት ታይተዋል። ሰብሳቢው ቢጠሯቸው እጃቸውን አውለብልበው አልፈዋል። ማውለብለባቸው እንደ መገኘት ይቆጠር ወይስ እንደ መሰናበት በሚለው ላይ ለሃያ ደቂቃ ከተከራከሩ በኋላ፣ ድምፅ ካላቸው ስድስት አባላት አራቱ ስላሉ ምልዓተ ጉባኤው ያለ እሳቸውም እንደተሟላ ታውቆ ክርክሩ ቆመ።

አጀንዳ 1፦ የሕንፃው የመጀመሪያ ቀለም

ሰብሳቢው፣ ዛሬ ግራና ቀኙ ከእርሱ የሚበልጡ ፎቆች ቢቆሙም ከተማው ይህን ሕንፃ አሁንም «ረጅሙ» እያለ እንደሚጠራው አስታውሰው፣ የመጀመሪያ ቀለሙ የእንቁላል አስኳል ቢጫ እንደነበር ተናገሩ። አቶ ዒሴ አረንጓዴ ነበር አሉ። ሐጂ ሚክዳድም «አቦ ዒሴ፣ አንተ ሁሉን ነገር አረንጓዴ የምታየው የባቡር አረንጓዴ መብራት ስትጠብቅ ኖረህ ነው» ብለዋቸዋል።

ወ/ሮ ኢድል ሕንፃው ሮዝ እንደነበር ገልጸው፣ ሐጂ በ1956 ከቢዮ አዋሌ ሲመጡ ዓይናቸው ውስጥ አቧራ ገብቶ ሊሆን እንደሚችል ጠቁመዋል። ሐጂም «በሽንኩርት ጭነት ላይ ተቀምጬ ነው የመጣሁት። ዓይኔ ያለቀሰው በሽንኩርቱ ነው። ቢጫውን ግን እያለቀስኩም አይቼዋለሁ» ሲሉ መልሰዋል።

ኢንጂነሩ ግድግዳውን ፍቆ አሥራ አንድ ንብርብር ቀለም እንዳገኘ፣ አሥራ ሁለተኛውን ሊፍቅ ሲል ግድግዳው ራሱ እንደመጣለት ሪፖርት አቀረበ። የግል አስተያየቱ ሲጠየቅ ሰማያዊ ነው አለ። ያኔ አልተወለድክም ሲባል፣ አባቱ እንደነገረው አስረዳ። አቶ ዒሴ «አባትህማ ሁሌ መነጽር ያጠልቅ ነበር፣ ጥቁር መነጽር» ብለዋል።

ጸሐፊዋ ምን እንደምታስታውስ ስትጠየቅ፣ «እኔ በጥቁርና ነጭ ነው የማስታውሰው» አለች። ተሳቀና ታለፈ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሕንፃው አራት ገጽ ስላለውና ድምፅ ያላቸው ተሰብሳቢዎችም አራት ስለሆኑ፣ እያንዳንዱ ገጽ በአንድ አባል ትዝታ እንዲቀባ ተወሰነ። ወደ አስፋልቱ የሚያየውን ገጽ ማን ያግኝ በሚለው ላይ ወንበር ተገፍቷል። በመጨረሻም ገጹ በየዓመቱ በተራ እንዲቀባ ተስማሙ።

አጀንዳ 2፦ ሊፍቱ

ኢንጂነሩ ሊፍቱ እንዲጠገን ሐሳብ አቀረበ። አቶ ዒሴ አጥብቀው ተቃወሙ። ሊፍቱ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ላይ እንደወጣ፣ ያን ቀንም ሁለት ሙሽሮችን ከነሚዜያቸው በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መካከል ይዞ ለአራት ሰዓት እንደቆመ፣ ሠርገኛው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ምሳውን እንደበላ አብራሩ። «አለመሥራቱ ነው ታሪኩ» አሉ። «ዛሬ ቢሠራ የእኛ ሊፍት መሆኑ ይቀራል።»

ወ/ሮ ኢድል የአቶ ዒሴን ሐሳብ ደግፈው፣ ሙሽራዋ እኅታቸው እንደነበሩና ትዳሩ እስከ ዛሬ የጸናው ያን ቀን ተዘግቶባቸው በደንብ ስለተነጋገሩ እንደሆነ መስክረዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሊፍቱ መስተዋቱ ተወልውሎ፣ ቁልፎቹ አዲስ ሆነው፣ እንደ ቀድሞው እንዳይሠራ ተደርጎ በጥራት እንዲታደስ ተወሰነ። ኢንጂነሩ እንዲህ ያለ ሥራ እንዴት እንደሚነደፍ እንደማያውቅ እንዲመዘገብለት ጠየቀ። ተመዝግቧል።

አጀንዳ 3፦ ከመግቢያው ቅስት ሥር ያለችው ሻሂ ቤት

ሰብሳቢው በሦስተኛው ስብሰባ የጸደቀውን ደንብ አነበቡ፦ «በምረቃው ቀን ያልነበረ ማናቸውም ነገር ይነሣል።» በዚህ መሠረት ወ/ሮ ናስቲሆ ዋበሪ ሻሂና ሳንቡሳ የሚሸጡባት፣ ሃያ ዓመት የሠሩባትና ሦስት ልጆች ያሳደጉባት ቤት መነሣት እንዳለባት አስረዱ። ይህን ሲያስረዱ አፋቸው ሙሉ ነበር። ወ/ሮ ኢድል «የምንበላው የሷን ሳንቡሳ ነው እኮ፣ ሐጂ» አሉ። ሐጂም ሳንቡሳው ጥሩ መሆኑን እንደማይክዱ፣ ነገር ግን ጥንታዊ አለመሆኑን ገለጹ።

ወ/ሮ ናስቲሆ ተጠርተው መጡ። ሰላምታ ሰጥተው «ያ ጀማዓ፣ ለሁለተኛው ዙር ዘይት ልጣድ ወይስ እስከዚያ ፈርሻለሁ?» ሲሉ ጠየቁ። አቶ ዒሴ ዘይቱን እንዲጥዱ ነገሯቸው።

ከዚያም ወ/ሮ ናስቲሆ ወደ ሰብሳቢው ዞረው «አዴር ሚክዳድ» አሉ፤ ሐጂን እንደ አጎት ነው የሚጠሯቸው። ሻሂ ቤቷ ያለችው የአባታቸው የዘበኛው የዋበሪ ወንበር በነበረበት ቦታ እንደሆነ ተናገሩ። አባታቸው በፎቶ ሌብነት ተወንጅለው ከተባረሩ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ በዚህ በር አልፈው እንደማያውቁ፣ ገበያ ሲወርዱ እንኳ ዙሪያውን ሄደው በሩቁ ድልድይ የደቻቱን ወንዝ ይሻገሩ እንደነበር ገለጹ። «እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ሻሂ የሚጠጣ ስለበዛ ብቻ አይደለም» አሉ። «የዋበሪ ልጅ በዚህ በር ላይ በግልጽ ትታይ ብዬ ነው።»

ኢንጂነሩ ሟቹ ስለ ፎቶው ያሉት ነገር ካለ ጠየቀ። ወ/ሮ ናስቲሆ፣ አባታቸው በሌባው ተናደው እንደማያውቁ መለሱ። «የሕንፃ ፎቶ ማን ይገዛል? የወሰደው ሰው ቢፈልገው ነው፣ ይላል አባቴ። ግን አንድ ቀን መጥቶ ዋበሪ አይደለም ቢል ምን ነበረበት፣ ይላል።»

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ መጻፍ አቁማ ነበር። ሰብሳቢው «ጻፊ እንጂ ሑዳ፣ ይሄ ታሪክ ነው» ስላሏት ቀጥላለች።

ከረጅም ውይይት በኋላ በሦስት ድጋፍና በወ/ሮ ኢድል ተቃውሞ ሻሂ ቤቷ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንድትነሣ፣ ለወ/ሮ ናስቲሆም ስለ ሳንቡሳው ምስጋና እንዲቀርብ ተወሰነ። ወ/ሮ ናስቲሆ ምስጋናውን ሳይቀበሉ ወረዱ። ሁለተኛው ዙር አልመጣም።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ጸሐፊዋ እጇን አወጣች። ሰብሳቢው «ሑዳ? ትናገሪያለሽ እንዴ?» አሉ። ጸሐፊዋ በሻሽ የተጠቀለለውን ፎቶ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ባለፉት ሦስት ስብሰባዎችም ይዛው መጥታ እንደነበር እዚህ ይመዝገብ።

ወ/ሮ ኢድል ከሥሩ የተጻፈውን አነበቡ፦ «የሕንፃው ምረቃ፣ 1950 ዓ.ም.» ኢንጂነሩ በእስክሪብቶ ጫፍ ፎቆቹን ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። በፎቶው ላይ ምድር ቤቱና አንደኛ ፎቁ ብቻ እንደሚታዩ አስታወቀ።

ሰብሳቢው የቀረው የት እንዳለ ጠየቁ። ኢንጂነሩ የቀረው እንደሌለ መለሰ። ሰብሳቢው ፎቶው ላይኛው በኩል ተቆርጦ ይሆናል አሉ። ኢንጂነሩም «ሐጂ፣ ከበላዩ ሰማይ አለ» አለ።

ጸሐፊዋ የላይኞቹ ፎቆች ከምረቃው ሦስት ዓመት በኋላ የተጨመሩ መሆናቸውን ከእናቷ እንደሰማች አስረዳች። አቶ ዒሴ ለሃያ ዓመት በዚህ ፎቶ ሥር ሲያልፉ ቀና ብለው አይተውት እንደማያውቁ አመኑ። ሌሎቹም አመኑ።

ወ/ሮ ኢድል ደንቡ በድጋሚ እንዲነበብ ጠየቁ። ተነበበ። በደንቡ መሠረት የወ/ሮ ኢድል ስፌት ቤት፣ የአቶ ዒሴና የጸሐፊዋ መኖሪያ፣ የሐጂ አልጋ ቤትና የኢንጂነሩ ቢሮ በምረቃው ቀን እንዳልነበሩ ተረጋገጠ። ኢንጂነሩ ይህ ስብሰባ ራሱ አሁን እየተካሄደ ያለው ሰማዩ ላይ እንደሆነ በፎቶው አሳየ። ወ/ሮ ኢድል በሳቅ ምክንያት ስብሰባው ለአምስት ደቂቃ እንዲቋረጥ አድርገዋል። ሲመለሱም «አቦ፣ ናስቲሆን በአሥራ አምስት ቀን ብላችኋል፣ እኛንስ በስንት ቀን?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ዒሴ ጥንታዊነት ሕንፃው ከተጠናቀቀበት ቀን እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ኢድል ቀኑ ለአቶ ዒሴ አልጋ ሲባል ሦስት ዓመት ከተገፋ፣ ለናስቲሆ ሻሂም ጥቂት ቢገፋ ምን ይለዋል አሉ።

ሰብሳቢው ፎቶው ከየት እንደመጣ ጸሐፊዋን ጠየቁ። ጸሐፊዋ አፏን ከመክፈቷ ወ/ሮ ኢድል «ከመሃድ ነዋ፣ አላህ ይርሐመው! አሮጌ ነገር ሲያገኝ ሰብስቦ ያስቀምጥ ነበር» አሉ። ሟቹ መሃድ ቅርስ በመጠበቅ ላሳየው ትጋት ምስጋና ይገባዋል ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊዋ ዝም አለች፣ እንደ ያኔው።

የመጨረሻ ውሳኔ

በ6 ሰዓት ከ10 ከታች የጫት መኪናው ጡሩምባ ተሰማ። ጡሩምባው ከተሰማ በኋላ በድሬ ምልዓተ ጉባኤ የሚባል ነገር ስለሌለ ሰብሳቢው ባስቸኳይ የሚከተለውን ሐሳብ አቀረቡ፦ በዚህም ሆነ ባለፉት ስብሰባዎች የተወሰነው ሁሉ፣ ደንቡም፣ ቀለሙም፣ ሊፍቱም፣ ሻሂ ቤቷን የሚመለከተውም ውሳኔ ተሰርዞ ሕንፃው ዛሬ እንዳለ ይቆይ።

ኢንጂነሩ ስረዛው ለሟቹ የተሰጠውን ምስጋናም ይጨምር እንደሆነ ጠየቀ። ሰብሳቢው አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ አስገብተው ሌላኛውን ጫማ በዓይናቸው እየፈለጉ «አቦ ልጄ፣ ሁሉም ማለት ሁሉም ነው» አሉ።

የመጀመሪያዋን እጅ ያወጣችው ጸሐፊዋ ናት። ድምፅ እንደሌላት ቢነገራትም አላወረደችም። ውሳኔው በአራት ድምፅና በአንድ የማይቆጠር እጅ ጸድቆ ስብሰባው በ6 ሰዓት ከ14 ተበተነ።

ይህ ቃለ ጉባኤ በሁለት ቅጂ ተጽፏል። ግልባጩ በኮሚቴው መዝገብ ይቀመጣል፤ የጸሐፊዋ ቃል ያለበት የመጀመሪያው ገጽ አልተነጠለበትም። ዋናው ቅጂ ነገ ጠዋት ከተማው ሳይሞቅ በእጅ ይሰጣል። የሚሰጠው አማርኛ አቀላጥፋ ለምትናገር ግን ለማታነብ ሰው ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማነበው እኔ ነኝ።

ጸሐፊ፦ ሑዳ ኸባብ

ተቀባይ፦ ወ/ሮ ናስቲሆ ዋበሪ