የጥያቄ አጋፋሪ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ አጋፋሪ አይጠፋም። ሰርግ ላይ ገና ወገብህን ሳታሳርፍ "ይሄ የሙሽራዋ ወገን ነው፣ ተነሥ" ይልሃል። ቀብር ላይ የቅርቡን ዘመድ ከሩቁ ለይቶ ያሰልፋል። ማንም አልሾመውም፤ ግን እሱ የቀረ ቀን ሰው ሁሉ በር ላይ ተደናግሮ ይቆማል። የሁዎን ሸለቆ ንብ አናቢዎች በኢንተርኔት በሚጠያየቁበት መድረክ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ሊንዚ ፐርቴል ናቸው።

ክቡርነታቸው ጥያቄ አይመልሱም። አንድም ቀን መልሰው አያውቁም። ጥያቄህን ብድግ ያደርጉና ወደሚገባው ክፍል ወስደው ያስቀምጡታል፤ በነበረበት ቦታ ላይ ደግሞ ያቺን የታወቀች ቃላቸውን ይተዋሉ፦ "ውድ አባል፣ የዚህ ጥያቄ ቦታ እዚህ አይደለም። ከአክብሮት ጋር፣ ሊንዚ።" ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሆባርት ውስጥ ደብዳቤ ሲለዩ የኖሩ ሰው ናቸውና እጃቸው ላይ የገባ ነገር ሁሉ መድረሻ እንዲኖረው ይፈልጋሉ። የማይመልሱት ግን ጥያቄው ስለሚያንስባቸው ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ዝም ያለ ሰው አዋቂ መስሎ መታየቱ የተለመደ ነው።

ደንባቸው ቀላል አይደለም። አዲስ ሰው መጀመሪያ "ራስዎን ያስተዋውቁ" የሚለው ክፍል ገብቶ ሰላምታ ያቀርባል። ሰላም ሳይል የጠየቀ ተመልሶ ሰላም ይላል። ከዚያ ክፍሉን ይመርጣል፤ የት እንደሚኖር፣ ቀፎው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ መቼ እንደተከፈተ፣ የዕለቱ አየር እንዴት እንደሆነ ይናገራል። ሁለት ጥያቄ በአንድ ላይ ያቀረበ እንደሆነ አቶ ሊንዚ እንደ ዳቦ ለሁለት ቆርጠው ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ ያደርጉታል።

አንድ የዶቨር ሰው "ንቦቼ አማቴን ፊቱን ነድፈውት አብጧል፣ ምን ላድርግ?" ብሎ "ማርና ሰም" ክፍል ውስጥ ጮኸ። አቶ ሊንዚ ወዲያው ደረሱ። "አንደኛ፣ አሁኑኑ አምቡላንስ ይጥሩ። ሁለተኛ፣ የዚህ ጥያቄ ቦታ 'ንድፊያ' ነው። ለአማትዎ ምሕረቱን ያውርድልን።" አማትየው ዳኑ። በመድረኩ ላይ የተዋወቁ ሁለት ሰዎች ሊጋቡ መሆኑን በደስታ ሲያበስሩም እንዲሁ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ከመባሉ በፊት ብሥራታቸው ወደ "ማስታወቂያ" ተዛወረ።

"አጋፋሪ" የሚል ስም ያወጣላቸው ኩዊንስላንድ የሚኖረው ክላይቭ ነው፤ ማር ከሚቆርጥበት ጊዜ ሰው የሚነካካበት ይበልጣል። "እኚህ ሰውዬ ሲሞቱ የገነት በር ላይ ይደርሱና ቅዱስ ጴጥሮስን 'ውድ አባል፣ ቦታዎ እዚህ አይደለም' ይሉታል" ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ቀልዱ "ልዩ ልዩ" ውስጥ ተገኘ።

ኖሊን ካትበርት ይህን ሁሉ በራሷ ላይ ደርሶ አይታዋለች። ሲግኔት ውስጥ የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ስትሠራ ኖራ ጡረታ ስትወጣ አንድ ቀፎ ገዛች። የመጀመሪያው መከር ላይ፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ጠዋት ብትወጣ ንቦቹ የራሳቸውን ወገን እየጎተቱ ደጅ ይጥላሉ። እንባዋ መጣ። ሮጣ ገብታ ያገኘችው ክፍል ውስጥ ጠየቀች። ጥያቄዋ ተዛወረ። ተከትላ ሄደች፤ እንደገና ተዛወረ። "ኧረ የት ልሂድልህ አንተ ሰውዬ! ንቦቼ እየሞቱ እኮ ነው!" ብላ ስክሪኑ ላይ ጮኸች፤ ድመቷ ከወንበር ወረደች።

ጥያቄው "የወቅት ሥራ" በሚለው ክፍል እንዳረፈ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ መልስ መጣ። ከሥሩ ያለው ስም የአቶ ሊንዚ ባለቤት የወይዘሮ ኢልማ ነበር። "አይዞሽ የኔ እመቤት፣ አልታመሙም። ብርድ እየመጣ ነው፤ ሴቶቹ ሥራ የማይሠሩትን ወንዶች እያስወጧቸው ነው። እኛም ቤት አንዳንዴ ይታሰባል። ሻይሽን ጠጪ።" ኖሊን እየሳቀች አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢልማ የጻፉትን ሁሉ ታነብ ነበር፤ አቶ ሊንዚን ደግሞ ከልቧ ትረግማቸው ነበር።

ዘንድሮ ብርዱ ሳይወጣ የኢልማ መልሶች ቆሙ። ኢልማና ሊንዚ በሚኖሩበት በፍራንክሊን፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ልጅ ለኖሊን ነገረቻት፤ ወይዘሮ ኢልማ ስትሮክ መቷቸው ሆባርት ሆስፒታል ተኝተዋል። ኖሊን በጣም አዘነች፤ ቀጥሎም ስለ ቀፎዎቹ አሰበች። ኢልማ ሦስት ቀፎ አላቸው፤ ጸደይ ገብቶ የፖም ዛፉ ሲያብብ በጊዜ ከፍቶ የሚያያቸው ሰው ከሌለ፣ ንቡ ቤቱ ይጠበውና ንግሥቷን ይዞ ወጥቶ ይሄዳል። ኢልማ ከሞት አምልጠው ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ባዶ ሳጥን ይሆናል። "ግድ የለም፣ ሊንዚ አሉ አይደል" ብላ ራሷን አጽናናች። የመድረኩ አለቃ ቤት ያለ ቀፎ ምን ይሆናል?

ፖሙ አበበ። አንድ ጠዋት "ራስዎን ያስተዋውቁ" ውስጥ አዲስ ሰላምታ ተለጠፈ።

"ስሜ ሊንዚ ፐርቴል ነው። የምኖረው ፍራንክሊን፣ ወንዙ ዳር ነው። ጀማሪ ነኝ። ስለተቀበላችሁኝ አመሰግናለሁ።"

መድረኩ ተደናገጠ። "አካውንታቸው ተሰርቋል! የይለፍ ቃል ይቀየር!" አለ ክላይቭ። ይህን እያሉ ሳለ "ጀማሪዎች" ክፍል ውስጥ፣ ሥርዓቱን ሁሉ ጠብቆ፣ አንድ ጥያቄ ወጣ።

"ቀፎ እንዴት ይከፈታል? ቀፎዎቹ ሦስት ናቸው፣ ባለ ፍሬም። ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈቱት ባለቤቴ ከመውደቋ በፊት ነው። አየሩ ፀሐይ ነው፣ ከወንዙ ቀላል ነፋስ አለ። ንቡ ደጃፉ ላይ እንደ ጢም ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ ዓርብ ትመለሳለች። መናገር ገና አልቻለችም። የምትቀመጠው መስኮቱ ጋ ነው፤ ቀፎዎቹ ባዶ ሆነው እንድታያቸው አልፈልግም። እኔ ንብ ነክቼ አላውቅም። ከአክብሮት ጋር፣ ሊንዚ።"

ክላይቭ አሁንም ቀልድ መሰለው። "ውድ አባል፣ የዚህ ጥያቄ ቦታ እዚህ አይደለም። ወደ ቀልድ ክፍል ይሂዱ" ብሎ ጻፈ። ማንም አልሳቀለትም። ትንሽ ቆይቶ ራሱ አጠፋውና "ይቅርታ አባቴ። አልገባኝም ነበር" አለ። ያን ሁሉ ዘመን የፈሩት ሰው ከሁላቸውም በታች ጀማሪ ሆኖ ሲገኝ ምን ይባላል?

ኖሊን መጻፍ ጀመረች። ማጨሻው በደረቅ የጥድ ቅጠል ይለኮሳል፣ ከኋላ ይቀረባል፣ ክዳኑ ቀስ ብሎ... እዚህ ስትደርስ እጇን አነሣች። የማያውቅ ሰው ይህን በወረቀት ይዞ ሦስት ቀፎ መሐል ቢቆም ታያትና የጻፈችውን ሁሉ አጠፋችው። በምትኩ እንዲህ አለች፦

"ውድ አባል፣ የዚህ ጥያቄ ቦታ እዚህ አይደለም። ቦታው ቀፎው አጠገብ ነው። ነገ ረፋዱ ላይ ሞቅ ሲል እመጣለሁ። ከአክብሮት ጋር፣ ኖሊን።"

በማግስቱ አቶ ሊንዚ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ረጅም፣ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው። አዲስ የፊት መሸፈኛ አድርገዋል፤ የሱቁ የዋጋ ወረቀት ገና ጆሮ ግንዳቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

"ካትበርት፣ ሲግኔት" አሉ እጃቸውን ዘርግተው። "የመጀመሪያ ጥያቄዎ 'ማርና ሰም' ውስጥ ነበር።"

"አልረሱትም?"

"የተሳሳተ ቦታ የገባ ነገር አይረሳኝም።"

ወደ ጓሮ ወረዱ። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ያረጀ የፖም ዛፍ ነበር፤ ከሥሩ የእንጨት ወንበር። አቶ ሊንዚ እዚያ ሲደርሱ እግራቸው ቀጥ አለ።

"ከዚህ አልፌ አላውቅም" አሉ። "እሷ እዚያ ቀፎ ትከፍታለች፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ የሰውን ጥያቄ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ዛሬ የምትሠራውን የሚመስለውን አስቀድሜ፣ ሌላውን ለነገ። ተደበላልቆ ከመጣ ይጠፋባታል፤ ሰውየው ደግሞ ያላግባብ ይጠብቃል። መልሱን ትነግረኛለች፣ እጽፋለሁ።"

"ያ 'ሻይሽን ጠጪ' የሚለውስ?"

"የተናገረችው እሷ፣ የጻፍኩት እኔ። እጇ ሁልጊዜ ማር ነበረበት።"

ስትረግማቸው የኖረቻቸው ሰውዬ እሷን እያንከራተቱ አልነበረም፤ ጥያቄዋን ይዘው ሚስታቸው እጅ እስኪያደርሱ ድረስ ነበር የሚሮጡት። አፈረች። ማጨሻውን ለኮሰችና ሰጠቻቸው።

"እሺ፣ ዛሬ ጠያቂዋ እኔ ነኝ" አለች። "አዲስ ንግሥት የሚያድግባቸው ቤቶች ፍሬሙ ጥግ ላይ እንደ ለውዝ ተንጠልጥለው ካየሁ ምን ላድርግ?"

አቶ ሊንዚ ኢልማ ያስጻፏቸውን ለማስታወስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አትደንግጪ። አሮጊቷን ንግሥት ፈልጊ። ከነልጆቿ፣ ከነስንቋ ወደ አዲስ ሳጥን አዛውሪያት። ንቡ ቤት የቀየረ ይመስለውና ያርፋል።"

"በጣም ጥሩ። በሉ ያዛውሯት።"

"እኔ?"

"ታዲያ በዚህ አገር ከእርስዎ በላይ ማዛወር የሚያውቅ ማን አለ?"

ሽማግሌው ከፖሙ ዛፍ አለፉ። ክዳኑ ሲነሣ የሳጥኑ ሽታ፣ ያ የሞቀ ሰምና የአበባ ሽታ፣ ፊታቸውን መታው። "ይሄ የኢልማ ሹራብ ሽታ ነው" አሉ። ጎንበስ ብለው ደግመው አሸተቱት። ኖሊን አላጣደፈቻቸውም። ንግሥቷን ያገኟት እሳቸው ናቸው፤ ከብዙ ሺህ መሐል ያለቦታዋ የቆመችን ነገር መለየት ለእሳቸው ሥራቸው ነው። ከነፍሬሟ ብድግ አድርገው አዲሱ ሳጥን ውስጥ አስቀመጧት።

ሁለተኛው ቀፎ ላይ አንዷ ንብ አውራ ጣታቸውን ነደፈቻቸው። አቶ ሊንዚ ጣታቸውን ወደ ብርሃን አነሡ።

"ይሄ ነው እንዴ?"

"ይሄው ነው።"

"ይሄን ፈርቼ ነው ዕድሜዬን እዚያ ዛፍ ሥር የጨረስኩት?"

ሦስተኛውን ቀፎ ኖሊን ሳትነካ ብቻቸውን ከፈቱት።

አመሻሹ ላይ ኖሊን ሁሉንም ጽፋ "ጀማሪዎች" ውስጥ አወጣችው፤ ቀፎዎቹ እንደተረፉ፣ ንግሥቷን ማን እንዳገኛት፣ የማን ጣት እንደተነደፈ። ክላይቭ ባርኔጣውን ያነሣ ሰውዬ ምስል ላከ። በማግስቱ ስትከፍት ጽሑፏ የለም። በቦታው "ውድ አባል፣ የዚህ ጽሑፍ ቦታ እዚህ አይደለም። ወደ 'ንድፊያ' ተዛውሯል" ይላል።

"አንተ የማትረባ ሽማግሌ!" ብላ እንደ መጀመሪያው ቀን ጮኸች። ድመቷ ወረደች። ኖሊን ግን ደስ ብሏት ነበር፤ ሰውየው ሌላ ሰው እንዳይሆኑባት ፈርታ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት "ንድፊያ" ውስጥ ከጽሑፏ ሥር አንድ መልስ ታከለ። አቶ ሊንዚ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፉት የራሳቸው መልስ ነው።

"ኢልማ ትናንት ገባች። መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳትና ቀፎዎቹን አሳየኋት። ያበጠውን ጣቴንም አሳየኋት። ከታመመች ወዲህ ስቃ አታውቅም፤ ትናንት ሳቀች። ይህ የትኛው ክፍል እንደሚገባ አላውቅም።"