ፊኛ ይዘን ለቅሶ የደረስን ዕለት

ወገን፣ ዛሬ የደረሰብኝን ለጠላቴም አልመኝም!

ስድስት ፈረንጆች አስከትዬ፣ ፊኛ አስይዤ፣ እያስጮህኩ የሰው ለቅሶ ገባሁ።

አትሳቁ። ገና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የለቡ ልጅ። ቤተ ክርስቲያናችን ከውጭ ለአገልግሎት የመጡ እንግዶች ስትቀበል «እንግሊዝኛ የምትችል ጠንቃቃ ልጅ» ተፈለገች። እጄን ቀድሜ አወጣሁ። ሥራው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ድንኳን ተክሎ ልጆችን እንግሊዝኛ ማስነበብ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል?

ልጆቹ አልመጡም!

በመጀመሪያው ቀን አራት መጡ። በሁለተኛው ሦስት፤ ከእነሱም አንዱ ብስኩቱን ተቀብሎ እብስ አለ። እናቶች በረንዳ ላይ ቆመው ያዩናል፣ ልጅ ግን አይለቁም። የሰፈሩን እድር የሚመሩትን ጋሽ ተክሌን ሁለቴ ሄጄ ለመንኳቸው። ሁለቴም «እናያለን፣ ልጄ» አሉኝ።

«እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ትናንት አስተባባሪያችን ደወለ። «ነገም ባዶ ከሆነ ፕሮግራሙን ዘግተን እንግዶቹን ሌላ ከተማ እንወስዳቸዋለን።» እኔ ደግሞ ምን ብዬ እንደመለስኩ ልንገራችሁ? «ነገ ይሞላል!» በምን እንደሚሞላ እግዜር ይወቀው።

ስለዚህ ዛሬ ቆርጬ ተነሳሁ። ፊኛ ገዛሁ። ለእንግዶቹ አማርኛ አስጠናኋቸው፤ ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ልጆች፣ ደስ ይበላችሁ!» እንዲሉ።

ከታክሲ እንደወረድን ፊቴን ወደ እነሱ፣ ጀርባዬን ወደ መንገዱ አድርጌ፣ ልክ እንደ አስጎብኚ የኋሊት እየተራመድኩ ስለ ባህላችን ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ባህል! ሰውን ስለ ማክበር! ሽማግሌ ሲመጣ ብድግ ስለ ማለት!

ጀሞን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ብሎኮቹ መንታ ናቸው። በማውራት ተጠምጄ አንድ መታጠፊያ አልፌያለሁ። በትከሻዬ በኩል ገልመጥ ብል ነጭ ድንኳን ታየኝ። ድንኳን ከሆነማ የእኛ ነው ብዬ የኋሊት ገባሁ። እጄን አነሳሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!

«ልጆች፣ ደስ ይበላችሁ!»

ጸጥ።

ዞርኩ። ጥቁር የለበሱ እናቶች። አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡ አባቶች።

ሰልስት ነበር።

መሃል ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው የተቀመጡት ማን ይመስሏችኋል? ጋሽ ተክሌ! ሌላ ማን ይሆናል!

«ልደት ነው እንዴ የመጣችሁት?» አሉ አንዲት እናት።

«ኬኩንስ የት ጣላችሁት?» አሉ ከጎናቸው ያሉት።

ደንግጬ ይቅርታ ጠየቅኩ። በእንግሊዝኛ! ጋሽ ተክሌን!

የቡድኑ መሪ ዴቢ አያቴን የምታክል ጡረተኛ አስተማሪ ናት። ምን እንደተፈጠረ በሹክሹክታ ስነግራት ፊቷ በርበሬ መሰለ። ቁመቱ በር የሚያክለው ማርክ ደግሞ ፊኛዎቹን ከጀርባው ሊደብቅ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ድንኳኑ የታሰረበት ሽቦ ጋ ደረሰ።

ጧ!

ከዚያ ሁለተኛው። ጧ!

እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር።

ሟቿ ዘጠናን የተሻገሩ እናት ናቸው። ልጃቸው እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አስለቀስኳቸው ብዬ ልለምናቸው ጠጋ አልኩ።

እየሳቁ ነበር!

«ወይኔ እማዬ! ይህን ሳታይ ቀረች! በሰው ለቅሶ ላይ ሳቅ የሚያመልጣት እኮ እሷ ነበረች!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እንባውም አብሮ መጣ። እኔ ግን እንግዶቹን በፍጥነት ላስወጣ ስገፋፋቸው ጋሽ ተክሌ ከዘራቸውን አነሱብኝ።

«ወዴት? ለቅሶ የደረሰ ሰው ቆሞ አይመለስም። ተቀመጡ!»

ተቀመጥን። ንፍሮ ቀረበልን። ዴቢ ቆየት ብላ «ጎረቤት እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። «ያግዛል» አልኳት። እጅጌዋን ሰብስባ ተነሳች።

ዛሬ ብሎኩ ውስጥ ውሃ ጠፍቷል። ምግቡ የሚሠራው ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነው። ማርክና ሌሎቹ ውሃ የሞላ ጄሪካን ተሸክመው ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ ዋሉ። ዴቢ ሽንኩርት ልትከትፍ ተቀምጣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ይቺስ ለቅሶ ታውቅበታለች!» አሉ ሴቶቹ።

ጋሽ ተክሌ ጠሩኝ። ሮጬ ሄድኩ።

«ሁለቴ መጥተሽ ስለ ፕሮግራም ነገርሽኝ። እኔ ፕሮግራም አላውቅም፤ የማውቀው ሰው ነው። ዛሬ ሰዎቹን አየኋቸው።» ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና «አንድ ነገር ግን፤ ንባቡን አስተምሩልን፣ ሃይማኖቱን ለእኛ ተዉልን» አሉ።

ለዴቢ ተረጎምኩላት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እሺ» አለች። በአማርኛ! ይቺን አላስጠናኋትም!

«እናንተ!» አሉ ጋሽ ተክሌ ወደ እናቶቹ ዞረው። «ልጆቹን ልቀቋቸው!»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንኳናችን ሞላ። ሞላ ስላችሁ! አርባ ሦስት ድረስ ቆጥሬ ተምታታብኝ። አንድ መጽሐፍ ለሦስት አነበቡ። እትዬ አልማዝ የልጅ ልጃቸውን ራሳቸው እጁን ይዘው አመጡት። አስተባባሪው ሲደውል ከጫጫታው የተነሳ ድምፄ አልሰማ አለው። «ሥራ ላይ ነኝ፣ ቆይቼ ልደውል?» አልኩት። ኩራቴን ብታዩ!

አሁን ቤት ገብቼ የዕለቱን ሪፖርት እየሞላሁ ነው። አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ቀርቶኛል፤ «ከኅብረተሰቡ ጋር ለመቀራረብ የተጠቀማችሁበት ስልት» ይላል።

እስቲ በናታችሁ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?