የበርበሬው ዜና

በ2017 ዓ.ም. በጋ፣ በበርበሬ ወቅት ነው። ቡሬ ያለችው ልጄ ወንድ ወልዳ፣ አርባው ሊሞላ ሁለት ቀን ቀረው። እኔ ፍኖተ ሰላም ሆኜ መንገዱ ክፍት እንደሆነ እጠያይቃለሁ። ማንን? ጎረቤቴን ጋሼ ሙሉን ነዋ!

እንዲህ ያለ ሰው እናንተ ሰፈር የለም? ጋሼ ሙሉ ከሱቃቸው ደጅ ሳይነሱ አገሩን ሁሉ ይተነትናሉ። አንዱ ጣቢያ «ሰላም ነው» ሲል፣ ሌላው «አገር ነደደ» ሲል፣ እሳቸው ሁለቱንም ሰምተው ሦስተኛ ዜና ያወጣሉ።

«መንገዱ ተዘግቷል፤ ዝንብ አያልፍም» አሉኝ። «ክርስትናውን በስልክ ተከታተይ።»

የልጅ ልጄ ሲጠመቅ በስልክ? እንባዬ መጣ። በልቤ እመቤቴን ለመንኩ።

ይህን ጊዜ ሁለት ሴቶች የበርበሬ ጆንያቸውን አጠገባችን አወረዱ። ጋሼ ሙሉ ትንታኔውን ሊቀጥሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አነጠሱ። ደገሙ። በሦስተኛው ስልካቸው ከእጃቸው በረረ፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ ብል አላጋነንኩም።

«እናቶቼ፣ በርበሬው ከየት ነው?» አልኩ።

«ከቡሬ ነዋ! አሁን ከሚኒባስ መውረዳችን ነው።»

«መንገዱስ?»

«ደኅና ነው፤ ወንበሩ ጠበበን እንጂ።»

ወደ ጎረቤቴ ዞርኩ። «ጋሼ፣ ዝንብ ያላለፈበትን መንገድ በርበሬው እንዴት አለፈው?»

አፍንጫቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው ስትመለሺ ሁለት ኪሎ አምጪልኝ።»

«ይማርዎት» አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ቡሬ ገብቼ የልጅ ልጄን ታቀፍኩ። ተመስገን! ስልኬን ግን ሆን ብዬ ቤት ትቼው ነበር።